የወንድሜን ደብዳቤ ያረምኩ ዕለት

ማተሚያ ቤታችን ዛሬ የለም። ሕንፃው ግን አለ፤ ምድር ቤቱን የስልክ ቀፎ የሚሸጡ ሰዎች ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ድሮ የወረቀት ጥቅል የምናወርድበት በራፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ አላፊ አግዳሚውን ወደ ንስሐ ይጠራ ነበር። ይጠራ ነበር አልኩ እንጂ ይሳደብ ነበር ማለት ይቀላል። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ፈጠን ብላ ብታልፍ፣ ገሃነም ለመድረስ ምን እንዳስቸኮላት ጠየቃት። ደሜ ፈላ። ማጉያውን ልነጥቀው ሁለት እርምጃ ተራምጄ ቆምኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በሠላሳ ዓመቴ የእኔ ድምፅ ነበር፤ ልዩነቱ እኔ ማጉያ ስላልነበረኝ በጽሑፍ ማድረጌ ነው።

ሰውዬውን ትቼ ቤቱን ማየት ያዝኩ። ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ስልኮቹ በተደረደሩበት ግድግዳ በኩል፣ የፊደል መሳቢያዎቻችን ነበሩ። ፊደል ለቃሚዎቹ ቆመው፣ ዐይናቸውን ከጽሑፉ ሳይነቅሉ፣ የእርሳስ ፊደሉን ከየመሳቢያው በጣታቸው እየለቀሙ ይደረድራሉ። ከመሐል ትልቁ ማሽን ወለሉን እያንቀጠቀጠ ይሠራል። ቤቱ ሁልጊዜ ቀለምና ነጭ ጋዝ ይሸታል፤ ያ ሽታ ከልብሴ ወጥቶ ካለቀ ሃያ ዓመት አለፈው፣ አንዳንድ ጠዋት ግን የሸተተኝ መስሎኝ እነቃለሁ።

እኔ አራሚ ነበርኩ። ሥራው ለማያውቅ እንዲህ ነው። የተደረደረው ገጽ ለሙከራ በተራ ወረቀት ይታተምና ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። በቀይ እስክሪብቶ ስሕተቱን አወጣለሁ፤ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጌ ለሠራው ሰው እመልስለታለሁ። እሱ አስተካክሎ ይልክልኛል። አሁንም አወጣለሁ። አንድ ገጽ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስና ንጹሕ ሲሆን ከግርጌው እፈርማለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ስሕተት ሁሉ ቦታ እንዳለው፣ ከተገኘም እንደሚወጣ ያሳምንሃል። ጉዱ በሰው ላይ ሲሞክሩት ነው።

እኔ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጪም የምሞክረው በሰው ላይ ነበር። በራሪ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ ከሃዲውን፣ ለዘብተኛውን፣ የኔን ያህል ያልጠነከረውን አማኝ ሁሉ በየተራ አንጠልጥዬ እገርፋለሁ። ጥቅስ በቃሌ ነው። በክርክር የረታኝ ሰው አልነበረም። በእነዚያ ጽሑፎች አንድ ሰው እንኳ ወደ ክርስቶስ እንደቀረበ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሸሹትን በስም አውቃቸዋለሁ።

ከሸሹት ሁሉ የከፋብኝ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ አናጺ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ወደ ቤቱ ወስዶ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው፤ ሚስቱን ደግሞ እታበባ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ዳር ላይ ሰጋቱራውን በክንዴ ገፍቼ ነው። እታበባ ብዙ አልተማረችም። ማታ ማታ ቅዱስ ቃሉን ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ አዲስ እንግዳ በሩ ላይ አቁማ ካየችው በኋላ ነው የምታስገባው። እኔ እቸኩልና ከአፏ ነጥቄ አነብላታለሁ። ሳቋ ይመጣል። «ቆይ እንጂ አንተ ልጅ፤ የት ይሄድብሃል? እኔም ልድረስበት» ትለኛለች። እምነትን ያገኘሁት ከዚያ ንባብ ነው። ይህንን የተረዳሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከመጻሕፍት ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር።

እታበባ ስምንት ወር ታመመችና ሞተች። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ጋሼ ድምፁን አውጥቶ ሲያለቅስ፣ እኔ የተማርኩት፣ እኔ አዋቂው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ እንዲህ አብዝቶ ማልቀስ ትንሣኤን እንደማያምን ሰው መሆን ነው አልኩት። ጥቅሱንም ጠቀስኩለት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አላለቀሰም።

ከአራት ወር በኋላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። በአንድ ከተማ እየኖርን። በአፉ ሊነግረኝ የማይችለውን በወፍራሙ የአናጺ እርሳስ አራት ገጽ ሞልቶ ላከልኝ። እንድትድን ለምኖ የሰማው እንደሌለ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደተወ፣ መጽሐፏን ገልጦ ማየት እንደሚያስፈራው ይናገራል። እንዳትቆጣኝ ይላል። አንተ የተማርክ ነህና የምታስበውን ንገረኝ ይላል መጨረሻው።

ደብዳቤው የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ግራና ቀኜ የሚታረም ገጽ ተከምሯል፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። አንብቤ ስጨርስ እሳት ለብሼ ነበር። እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስሟገት የገዛ ወንድሜ ከቤቴ ሲከዳ። እንደማንኛውም ገጽ አነጠፍኩትና አረምኩት። የጎደለውን ፊደል ሞላሁ፣ የተዛባውን ቃል አቀናሁ። ከዚያ ወደ ሐሳቡ አለፍኩ፤ «ስሕተት» አልኩ በኅዳጉ ላይ፣ «ማስረጃ?» አልኩ፣ «ይህን ተመልከት» ብዬ ምዕራፍና ቁጥር ደረደርኩ። በሥራ ልማድ አጥፌ፣ እንዲያስተካክለው ለጻፈው ሰው መለስኩለት።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ያንን አራሚ በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አገልግሎት የሰጠሁ መስሎኝ ምሳዬን በደንብ በልቻለሁ።

ወንድሜ መልስ አልሰጠኝም። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ በሩን አልከፈተልኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «አቶ አራሚ» ብሎኝ ያልፋል። ስድስት ወር እንዲህ ቆየን። ከዚያ አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ አሮጌዎቹን የፊደል መሳቢያዎች የሚቀይርልን ወንድምህ ነው አለኝ። በዚያው አፉ ጨምሮ፣ በሦስት ሳምንት እንዲጨርስለት እንደለመነው፣ አናጺው ከዚያ በኋላ ዕቃውን ሸክፎ ሩቅ አገር ለሥራ ሊሄድ መሆኑን፣ ቤቱንም ሊለቅ እንደሆነ ነገረኝ። ሌላ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ወንድሜን ከነእምነቱ እመልሳለሁ፣ አለዚያ ሁለቱንም አጣለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ መሥሪያውን የተከለው ጥረዛ ክፍል፣ በመስኮቱ አጠገብ ነው። ብርሃኑን ፈልጎ ነው፤ ለእኔ ግን ከጠረጴዛዬ የሚለየኝ አንድ የሣንቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። መስኮቱ የጠራዥዋ ነበር። ከስድሳ ያለፉ ሴት ናቸው፤ መጽሐፍ በእጅ ይሰፋሉ። ረጅምና ቀጭን፣ እርጅና ያላጎበጣቸው ስለሆኑ ሠራተኛው እትዬ ወስፌ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ያውቃሉ፣ ዱላ ከመባል ይሻላል ብለው ይስቃሉ። አማኝ እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ሰብከው ግን አያውቁም። ማሽን የሚነዳው ሰው እግዚአብሔር የለም እያለ ሊያበሳጫቸው ይሞክራል፤ እሳቸው ጉልበቱ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። ይሄ ለዘብተኝነት ነው ብዬ አንድ ጊዜ በጽሑፌ ወግቻቸዋለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠቅስ። ያንን በራሪ ጽሑፍ አጥፈው ለሙጫ ብሩሻቸው ማስቀመጫ አድርገውት አየሁ። በክፋት አይመስለኝም፤ ወረቀቱ ወፍራም ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት እሳቸውና ወንድሜ ስለ እንጨት ብቻ አወሩ። እኔ በግድግዳው ማዶ ገጽ እያረምኩ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ። ተራዬ የሚሆንበትን ቀዳዳ እየጠበቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት መላጊያው ሲቆም፣ እትዬ መርፌያቸውን ሳያቆሙ፣

«ባለቤትህ ምን ትወድ ነበር?» አሉት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ምን ምን ነገር ትወድ ነበር ነው የምልህ። ሰው ሁሉ እንዴት እንደሞተች ሲጠይቅህ ከርሟልና።»

መላጊያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ጋሼ ማውራት ጀመረ። አዲስ የተላገ እንጨት ሽታ ስለምትወድ ፍቅፋቂውን ሰብስባ ትራሷ ውስጥ ትጨምር እንደነበር፤ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፈርታ፣ ያልፈራች ለመምሰል እንደምትዘፍን፤ ዜማ እንደማትችል፤ መዘምራኑ ኋላ አቁመዋት ያም ስላልበቃ ቀስ ብላ እንድትዘምር እንደለመኗት። እትዬ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሳቁን መስማቴ የመጀመሪያ ነው። እኔ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለ ትራሱ አላውቅም ነበር። ፊቴ ያለው ገጽ ላይ አንድ ምልክት እንኳ ሳላደርግ ቀትር ሆነ።

በዚያው ሳምንት ዐርብ እሱ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ አማኝ ነዎት አይደል? አንድም ቀን አልተዉትም?»

«ልጄ በሰባት ዓመቷ ሞተችብኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት ሰደብኩት። እግዚአብሔርን ነው የምልህ። ጠዋት ስነሳ እሰድበዋለሁ፣ ማታ ስተኛ እሰድበዋለሁ። አንድ ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ስሰፋ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሱ በቀር ከማንም ጋር የልቤን እንዳላወራሁ ታወቀኝ። እሱም አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ አልሄደም።»

«አለመሄዱን በምን አወቁ?»

«እንጃ ልጄ። እሱም ልጁ ሲሞት አይቷል። ከሱ ጋር የማላወራው ነገር የለኝም። ያ ልጅ ተነስቷል፤ የኔም ትነሳለች ብዬ እጠብቃለሁ። እምነቴ ይቺው ናት፤ ሌላ ትምህርት የለኝም።»

የወንድሜ መላጊያ አልተነሳም። ነገሩ ገብቶት እያሰበ መሆኑን፣ ከአስተነፋፈሱ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህ ነበር መተው የነበረብኝ ጊዜ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሰደብኩት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቆሞ ይጮህብኛል፤ ይህ እንዴት ለተጠራጠረ ሰው ይነገራል? ብድግ ብዬ በሩን ገፍቼ ገባሁና፣ እግዚአብሔርን መስደብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከየት እስከ የት እንደሚያደርስ ከምዕራፍና ከቁጥር ጋር ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥቅስ ላይ ስደርስ እትዬ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ክር አልቆብኛል። ከመጋዘን አንድ ጥቅል አምጣልኝ» አሉኝ።

ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጥቅል ክር ተቀምጧል። ከኋላዬ አንዱ ፊደል ለቃሚ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ወንድሜ መላጊያውን አንስቶ ጀርባውን ሰጠኝ። መጋዘን ሄድኩ። ምን ላድርግ? ክሩንም አመጣሁ።

የዚያን ዕለት ጋሼ ወጥቶ ሲሄድ ጠብቄ ገባሁባቸው። ለምን እውነቱን አይነግሩትም አልኳቸው፤ ለምን ያባብሉታል፣ ነፍሱ እኮ ነው። ብዙ ተናገርኩ። ጠረጴዛውንም መታሁ። እሳቸው የሙጫውን ክዳን እየገጠሙ፣

«አንተ ሁሉንም ነግረኸው የለም እንዴ? ምን የቀረ ነገር አለና ነው እኔ የምጨምረው?» አሉኝ።

ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ደብዳቤውን አሳይቶኛል። ከኮቱ ኪስ አይለየውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ባለቤቱ እጁ ላይ ያረፈችበትን ነገር ጽፏል። ታስታውሰዋለህ?»

ብዙ ጣርኩ። አላስታወስኩትም።

«እዚያ ጋ ነጠላ ሰረዝ አስገብተሃል» አሉኝ።

ሲሉኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ መልስ ነበረኝ፤ ቁጣን ተምሬበታለሁ። ድምፃቸው ማሽነኛውን ስለ ጉልበቱ ሲጠይቁት የሚያወጡት ያው ድምፅ ነው። ቅስሜ ስብር አለ። ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በሕይወቴ መልሱን ሳላውቅ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሂድና እሱን ጠይቀው፣ ስትሄድ ግን መልስ ይዘህ አትሂድ አሉኝ።

ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ቤቴ ገብቼ የይቅርታ ደብዳቤ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደገና ስከራከር ራሴን ያዝኩት። ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ ያም ያው። በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ሳምንት አለቀ። መሳቢያዎቹ ተገጠሙ፤ ፊደል ለቃሚዎቹ እየሳቡ እየመለሱ አመሰገኑት፤ እሱ እትዬን አቅፎ ተሰናበተ፣ ለእኔ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጄን ሄድኩ። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። በሩ ክፍት ነበር፤ ዕቃ የሚያወጣ ሰው በሩን አይዘጋም። ያደግሁበት ክፍል ተራቁቷል። ጋሼ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሮዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠቀልላል።

«ምነው አቶ አራሚ» አለኝ። «የረሳኸው ነገር አለ?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ለየትኛው?»

«ለደብዳቤው። በሦስተኛው ቀን ለተናገርኩህም።»

መሮውን ጠቅልሎ ጨረሰ።

«ሠላሳ አንድ ቦታ ነው ያረምከኝ» አለ። «ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልመለስክልኝም።»

ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ቢያንስ ሃያው ትክክል ነበር። ይህ ሐሳብ በዚያች ደቂቃ እንኳ እንደመጣብኝ ልደብቅ አልፈልግም። ምላሴን ዋጥኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ሳያየኝ። «እሷ ስትታመም፣ አንተ እንድትድን ጸልየህ ነበር?»

ስለ ፈቃዱና ስለ ጥበቡ አፌ ላይ ሦስት መልስ ተሰልፎ ነበር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ዛሬም ትክክል ናቸው እላለሁ። ግድግዳውን ተደግፌ እሱ ያለበት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጸልያለሁ» አልኩት። «ዘጠኝ ቀን እህል ሳልቀምስ። እንደምትድን አልተጠራጠርኩም ነበር። ስትሞት ተናደድኩ። እሱን መምታት አልቻልኩም፤ አጠገቤ የነበርከው አንተ ነህ።»

ጋሼ እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ ወለሉ ላይ አኖረው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ጋሪ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማሁት።

«ለምን ይሄን አልጻፍክልኝም?» አለ። «እኔ ብቻዬን መስሎኝ እኮ ነው።»

ያኖረውን ጨርቅ አንስቼ ሳጥፍ እያየኝ ቀጠለ።

«አሁንስ ታምናለህ?»

«አምናለሁ።»

«እየተናደድክ?»

«እየተናደድኩ። እሷን የሚመልስልኝ ከሱ በቀር ማንም የለም፤ ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም ጋሼ።»

የዕቃውን ሳጥን ጎትቶ ተቀመጠበት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ፀጉሩ በስድስት ወር ውስጥ ሸብቷል፤ በባርኔጣው ሥር አላየሁትም ነበር።

«በል ጸልይ» አለኝ። «እኔ ምንም አልልም። ቁጭ እላለሁ።»

እኔ በጉባኤ መካከል ሳልጠራ ተነስቼ ግማሽ ሰዓት የምጸልይ ሰው ነኝ። ዐይኔን ጨፈንኩ። የእታበባን ስም ጠራሁ፤ እንደምወዳት ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ የምለው ቃል ከየትም አልመጣ አለኝ። ሸሚዜ በእንባ ሲርስ ይታወቀኛል።

ከሳጥኑ በኩል «ስለ ሰጠኸን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ነው። ተቋረጠ። ቀጣዩን ቃል እየፈለገ እንደሆነ ይሰማኛል፤ እኔ ያንን ቃል አውቀዋለሁ፣ ከአፉ ልነጥቀው እችል ነበር። ጠበቅሁት። እሱ ሌላ ቃል አገኘ፤ እኔ ካሰብኩት የሚለይ። ሌላም አገኘ። እያንዳንዱን በብዙ ድካም እያወጣ፣ አንዳንዱ ምስጋና፣ አንዳንዱ ወቀሳ፣ አንዳንዱ ትምህርቱ የተዛነፈ፣ አንዱንም ሳላርመው አሜን እስኪል ድረስ ተናገረ።

አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ። ጋሼ የተነሳው በማግስቱ ነው፤ ከባዱን ሳጥን እኔ ተሸክሜለት ሸኘሁት።